ግራ ተከላካያችን ማን ነበር?

ባለፈው ቅዳሜ እናቴን ልጠይቅ ሰባታሚት ሄጄ ነበር። ቡናው ሁለተኛው ላይ ደርሶ ሳለ ሦስት ልጆች ደጃፉ ላይ መጥተው ቆሙ። ትልቁ ቢበዛ አሥራ ስድስት ዓመት ቢሆነው ነው። ብብቱ ሥር ባለ 50 ሉክ ደብተር ይዟል።

«ጋሼ፣ ጋዜጠኛ ነህ አይደል?»

«ነኝ። ምን ተገኘ?»

«ለነገ ጸሐፊ እንድትሆነን ነበር።»

ነገሩ እንዲህ ነው። አምና የላይ ሰፈርና የታች ሰፈር ልጆች ለፍጻሜ ተጋጠሙ። ላዮቹ «2 ለ 1 አሸንፈናል» ይላሉ። ታቾቹ ደግሞ «2 ለ 2 ሆነን መሽቶ ተቋረጠ እንጂ ማን አሸነፈን» ይላሉ። ያጫወታቸው ዳኛ ሥራ ፍለጋ ከአገር ወጥቷል። ውጤቱን የጻፈ ሰው የለም። ዓመት ሙሉ ሲጨቃጨቁበት ከረሙ፤ ሁለት ጊዜ ዱላ እስከ መማዘዝ ደርሰዋል። ዘንድሮም ሁለቱ ለፍጻሜ ሲደርሱ ታቾቹ «ጸሐፊ ካልተቀመጠ አንጫወትም» ብለው ቁርጣቸውን ተናገሩ።

«አንተ የምትኖረው ከተማ ነው፤ ለማንም አታዳላም» አለኝ ባለ ደብተሩ።

እናቴ ስኒ እያለቃለቀች ሳቀች። «ይኸማ ድሮም ጸሐፊ ነበር። ደብተሩን እኔ አነደድኩበት እንጂ።»

እኔ ግን ሳቄ አልመጣም።

በ1999 ዓ.ም. ክረምት፣ አገሩ ሁሉ ሚሊኒየሙን ሲጠብቅ፣ እኛም የሰፈር ውድድር ነበረን። ዋንጫ እንኳ አልነበረም፤ ሽልማቱ አንድ በግ ነው። አሥራ ስድስት ዓመቴ ነበር። ችሎታዬ የሚያሰልፍ ስላልነበረ ተቀያሪ ሆኜ መስመር ዳር ስቀመጥ የማደርገው ሳጣ መጻፍ ጀመርኩ። ማን ተሰለፈ፣ ማን አገባ፣ በስንተኛው ደቂቃ። ሰዓት ያሰረው አንድ ሰው ብቻ ስለነበር ደቂቃው ግምት ነው። እንዲህ እያልኩ ሰባት ጨዋታ ጻፍኩ። እውነቱን ለመናገር ጋዜጠኛ የሆንኩት ያን ክረምት ነው፤ ዲግሪው በኋላ የመጣ ነው።

ዩኒቨርሲቲ ገብቼ ለዕረፍት ስመለስ ደብተሩ የለም። እናቴ ከሰል ማቀጣጠያ አድርጋዋለች። «የትምህርቱንማ አንዱንም አልነካሁ ልጄ፤ ይኼ የኳስ ወረቀት መስሎኝ ነው» አለችኝ። ምን እላታለሁ? የኳስ ወረቀት ነበር። የተረፈው ሁለት ገጽ ነው። የፍጻሜው ጨዋታ አሰላለፍ ከግማሽ በላይ አለ፤ ከአሥራ አንዱ የሰባቱ ስም ይነበባል።

ሰባቱም የት እንዳሉ አውቃለሁ። አንዱ ሪያድ ነው። አንዱ ባሕር ዳር ባጃጅ ይነዳል። አንዱ መንኩሶ ጣና ላይ ካሉት ገዳማት በአንዱ ይኖራል። አንዱ መምህር ነበር፤ የሚያስተምርበት ትምህርት ቤት ከተዘጋ ወዲህ የባሕር ዛፍ እንጨት ይነግዳል። ሁለቱ እዚያው ሰባታሚት አርሰው ያድራሉ። ግብ ጠባቂያችን በ2014 በሰሜኑ ጦርነት ሞቷል።

የቀሩትን አራቱን ለማስታወስ ከባጃጅ ነጂው ጓደኛዬ ጋር አንድ ምሽት ቁጭ አልን። ሦስቱን ተረዳድተን አገኘናቸው። ግራ ተከላካያችን ግን ጠፋብን። መልኩ ሁለታችንም ፊት አለ። ጫማ አልነበረውም፤ በባዶ እግሩ ነው የሚጫወተው። ሆኖም ኳስ ሲመታ ጫማ ካደረግነው ከእኛ ይልቅ ለእሱ ይሄድለት ነበር። ከሌላ ወረዳ መጥቶ ሰው ቤት ለእረኝነት የተቀጠረ ልጅ ነው። ከብቶቹን ሜዳው ጥግ አሰማርቶ፣ በአንድ ዓይኑ እነሱን እያየ፣ በሌላው የእነሱን አጥቂ ይጠብቃል።

«ማን ነበር ስሙ? ምን እያልን ነበር የምንጠራው?» አልኩት።

ጓደኛዬ ብዙ አሰበ። «‹አንተ ልጅ› ነበር የምንለው» አለኝ።

አንዳንዶቻችሁ የምትሉት ከወዲሁ ይሰማኛል። «ወንድሜ፣ አገር እየተቃጠለ አንተ የሰፈር ኳስ ትቆጥራለህ?»

ይኼ ጥያቄ እኔንም ሁለት ዓመት አስሮኝ ነበር። ከሐምሌ 2015 ወዲህ በክልላችን የሆነውን ለእናንተ መተረክ አያስፈልገኝም። ኢንተርኔት ተቋርጦ በነበረበት በዚያ ረጅም ጊዜ የጻፍኩትን የምልክበት አጥቼ ሰባታሚት የሰነበትኩባቸው ሳምንታት ነበሩ። ትምህርት ቤት የተዘጋባቸው ልጆች ሜዳ ላይ ሲውሉ አያለሁ። ጨርቅ ኳስ ሲሰፉ፣ ቡድን ሲከፍሉ፣ ሲጣሉ፣ ሲታረቁ። «ይኼ ምን ዜና ይወጣዋል» ብዬ አልፋቸው ነበር። በሥራችን የሚፈለገው ሌላ ነው፤ ስንት ሰው ሞተ፣ የትኛው መንገድ ተዘጋ። ተቀጣሪ ያልሆነ ጋዜጠኛ ደግሞ የሚበላው የሚፈለገውን ሲጽፍ ነው።

ሐሳቤን ያስቀየረኝ አንድ ቁጥር ነው። ቅዱስ ጊዮርጊስ የእግር ኳስ ክለብ 90 ዓመት የሚሞላው ታኅሣሥ 2018 ነው። ስለዚሁ አንድ ነገር እንድጽፍ ተጠይቄ የድሮውን ሳገላብጥ ስንት ጊዜ አይቼ ያለፍኩትን ዓመት ቆም ብዬ አየሁት። ታኅሣሥ 1928።

እስቲ አስቡት። የጣሊያን ጦር መረብን የተሻገረው መስከረም 22 ቀን 1928 ነው። ኅዳር 26 ደሴ በአውሮፕላን ተደበደበች፤ ንጉሠ ነገሥቱም እዚያው ነበሩ። አባቶች ስንቃቸውን አዝለው ወደ ሰሜን እየተመሙ ነው። በዚሁ ሰሞን አዲስ አበባ አራዳ ላይ አየለ አትናሽና ጆርጅ ዱካስ የሚባሉ ተማሪዎች ጓደኞቻቸውን ሰብስበው የኳስ ቡድን አቋቋሙ።

ያን ጊዜ በአገራችን ኮሌጅ የሚባል አልነበረም። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ የተከፈተው በ1943 ነው። ተማሪ ማለት በ1900 የተከፈተው የዳግማዊ ምኒልክ ወይም በ1917 የተከፈተው የተፈሪ መኮንን ትምህርት ቤት ልጅ ማለት ነው። ኳሱም ቢሆን በአብዛኛው የውጭ ሰዎች ጨዋታ ነበር። አርመኑ፣ ግሪኩ፣ ጣሊያኑ እርስ በርሱ ይጋጠማል፤ የእኛ ሰው በብዛት ተመልካች ነው። እነዚህ ልጆች «እኛስ?» ብለው ተነሡ። ጊዜ የመረጡት ግን፣ እኛ ብንሆን እንደምንለው፣ በማይሆን ሰዓት ነው።

የመጀመሪያው የውድድር ዘመናቸው አምስት ወር እንኳ አልሞላም። ሚያዝያ 24 ንጉሡ በባቡር ወጡ። ከተማው ተዘረፈ፣ ተቃጠለ። ሚያዝያ 27 የባዶሊዮ ጦር ገባ።

ጣሊያን ኳሱን አልከለከለም፤ ከፋፈለው። ነጩ ለብቻው፣ ጥቁሩ ለብቻው እንዲጫወት አደረገ። የልጆቹንም ቡድን ስም ቀምቶ «ሊቶሪዮ ውቤ ሰፈር» አለው። ሊቶሪዮ ማለት ፋሺስቶቹ ስማቸውን ያወጡበት የእንጨት እስርና መጥረቢያ ምልክት ነው። ቅዱስ ጊዮርጊስን ፍቆ ይኼን መለጠፍ ምን ያህል ንቀት እንደሆነ ይታያችኋል? የካቲት 12 ቀን 1929 ግራዚያኒ ላይ ቦምብ ከተወረወረ በኋላ ደግሞ ፊደል የቆጠሩ ወጣቶች እየተለቀሙ ተገደሉ። አንድ ዓመት ቀደም ብሎ ስለ አጥቂና ስለ ተከላካይ ይከራከር የነበረ ትውልድ ነው ይኼ።

እና እነዚያ ልጆች ጦርነት መኖሩን አያውቁም ነበር? ያውቃሉ እንጂ። ወንድሞቻቸውና አጎቶቻቸው ዘምተዋል። እንደ እኔ ከሆነ ቡድን ያቋቋሙት ጦርነቱን ረስተው አይደለም። ቡድን የሚያቋቁም ልጅ የሚመጣው እሑድ እንዳለ ቆርጦ የተነሣ ልጅ ነው። እኛ አዋቂዎቹ በጦርነት ጊዜ የምናጣው አንዱ ነገር ይኼ ነው፤ ስለሚመጣው እሑድ ማውራት እናቆማለን። ሰባታሚት ሜዳ ላይ ያየኋቸው ልጆች ግን አላቆሙም። እኔ ነኝ ሳላይ ያለፍኩት።

ጣሊያን ከወጣ በኋላ ቡድኑ ስሙን አስመለሰ። በ1936 የአገራችን የመጀመሪያው ሻምፒዮና ሲካሄድ የተሰለፉት አምስት ናቸው፦ የአርመኖቹ አራራት፣ የግሪኮቹ ኦሎምፒያኮስ፣ የጣሊያኖቹ ፎርቲቱዶ፣ የእንግሊዝ ወታደራዊ ሚሲዮን ቡድን እና ቅዱስ ጊዮርጊስ። በገዛ አገራችን ሻምፒዮና ከአምስቱ የእኛ አንዱ ብቻ ነበር። ዋንጫውን እንግሊዞቹ ወሰዱት። ጊዮርጊስ የመጀመሪያውን የሊግ ዋንጫ ለማንሣት እስከ 1942 ድረስ ጠበቀ። ከአምስቱ ዛሬ በሊጋችን ውስጥ የሚጫወተው ግን እሱ ብቻ ነው።

ከዚያ ትውልድ ታሪካቸው በደንብ የቀረልን ይድነቃቸው ተሰማ ናቸው። ጅማ የተወለዱ፣ የነጋድራስ ተሰማ እሸቴ ልጅ፣ የተፈሪ መኮንን ተማሪ፣ የጊዮርጊስ ተጫዋች። ጥር 13 ቀን 1954 ኢትዮጵያ ግብፅን 4 ለ 2 አሸንፋ የአፍሪካን ዋንጫ ስታነሣ አሠልጣኙ እሳቸው ነበሩ። በኋላም የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽንን ከ1964 ጀምሮ ነሐሴ 1979 እስኪሞቱ ድረስ መርተዋል። ልጃቸው ታደለ ይድነቃቸውም ስለ አባታቸው መጽሐፍ ጽፈዋል። እግዜር ይስጣቸው።

አሁን ግን የጊዮርጊስ ደጋፊ ጓደኛችሁን ያዙና «መሥራቾቹ እነማን ናቸው?» በሉት። አየለ አትናሽ፣ ጆርጅ ዱካስ ይላችኋል። «እሺ፣ ግራ ተከላካዩስ?» በሉት።

ቡድን አሥራ አንድ ሰው ነው። እንደ አገር የያዝነው ሁለት ሦስት ስም ነው። የእናቴ ከሰል እንኳ ለእኔ ሰባት አስተርፎልኛል።

ሌላው ዓለም እንዴት ያዘው? እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 6 ቀን 1869 ራትገርስና ፕሪንስተን የሚባሉ የሁለት አሜሪካ ኮሌጆች ተማሪዎች ተጋጠሙ። አፄ ቴዎድሮስ መቅደላ ላይ ከወደቁ ዓመት ከመንፈቅ በኋላ ማለት ነው። ራትገርስ 6 ለ 4 አሸነፈ። ይኼን ውጤት እኔ ባሕር ዳር ተቀምጬ የማውቀው ጨዋታው ታላቅ ስለነበረ አይደለም፤ የኮሌጁ ተማሪዎች በሚያዘጋጁት ጋዜጣ ስለጻፉት ነው። ከዚያ ወዲህ የብዙዎቹን ኮሌጆች የውድድር ዘመን ከነውጤቱ ታገኙታላችሁ። መጻፉም ለወሬ ብቻ አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ1905 የውድድር ዘመን በዚያ ኃይለኛ ጨዋታቸው 18 ያህል ወጣቶች መሞታቸውን ጋዜጣ ቆጥሮ ጻፈ፤ አገር ተንጫጫ፤ በቀጣዩ ዓመት የጨዋታው ሕግ ተለወጠ። የሞተው ባይቆጠር ኖሮ ማን ይለውጠው ነበር?

እኛም የትልቁን አላጣንም። ኅዳር 2012 ባሕር ዳር ስታዲየም ላይ ኮትዲቯርን 2 ለ 1 ስናሸንፍ ነበርኩ፤ ድምፄ ሦስት ቀን ጠፍቶብኛል። መስከረም 29 ቀን 2014 በደቡብ አፍሪካ 3 ለ 1 ስንሸነፍም ነበርኩ። ከዚያ በኋላ ካፍ ስታዲየሙን አግዶ ቀጣዩን የጋና ጨዋታ ጆሃንስበርግ ድረስ ሄደን «ሜዳችን ነው» ብለን ተጫወትን። የእነዚህን ሁሉ አሰላለፍ፣ ተቀያሪውን ሳይቀር፣ አሁኑኑ ስልኬ ላይ ማውጣት እችላለሁ። ከስታዲየሙ በባጃጅ የሚደረስበት የሰባታሚት ሜዳ ግን አምና ማን እንዳሸነፈ የሚያውቅ የለም። ያልተጻፈ ውጤት የጯሂው ይሆናል። በኳስ ብቻ ደግሞ አይደለም፤ ለስንቱ ጠባችን መነሻው «ያኔ እንዲህ ሆኖ ነበር»፣ «አልሆነም» አይደል?

እሑድ ጸሐፊ ሆንኩ።

ሁሉም ሳይመሽ ቤቱ መግባት ስላለበት ጨዋታው ስምንት ሰዓት ላይ ተጀመረ። ግቡ ሁለት ሁለት የባሕር ዛፍ እንጨት ነው፤ አግዳሚ የለውም፤ «ከላይ ወጣ፣ አልወጣም» የሚለውን ዳኛው በዓይኑ ይፈርዳል። እኔ የተገለበጠ የቢራ ሣጥን ላይ ተቀመጥኩ።

መጀመሪያ ስም ጻፍኩ። የላይ ሰፈር አምበል ይነግረኝ ጀመር። «ምባፔ፣ ሳካ፣ ቀዮ፣ ዱቤ...»

«እንዲህ አይሆንም» አልኩት። «ስም ከነአባት።»

ተሳሳቁ። ከዚያ አንድ በአንድ እየመጡ ነገሩኝ። አብረው ያደጉ ልጆች የጓደኛቸውን የአባት ስም ያን ቀን የሰሙ ነበሩ። አንዱ፣ ቀጠን ያለ፣ ዘጠነኛው ወይም አሥረኛው ይሆናል፣ ስሙን ነግሮኝ ዝም አለ።

«የአባትህስ?»

መሬት መሬት አየ። ከዚያ ጠጋ አለና «በእናቴ ስም ቢሆን ችግር አለው?» አለኝ።

«ምንም ችግር የለውም።»

ጻፍኩት። ተመልሶ መጥቶ በትክክል መጻፉን አየ። ሁለት ጊዜ።

ጨዋታው 3 ለ 2 በታች ሰፈር አሸናፊነት አለቀ። ላዮቹ «ሦስተኛው ከጨዋታ ውጪ ነው» ብለው ዳኛውን ከበቡት፤ ጥቂት ጩኸት ነበር። በውጤቱ ግን ማንም አልተከራከረም። ሁለቱ አምበሎች መጥተው ፈረሙ። የላዩ አምበል ሲፈርም እስክሪብቶዬን ሊሰብረው ምንም አልቀረው፤ ግን ፈረመ።

ደብተሩን ለባለቤቱ ስመልስለት እጁን ወደ ኋላ አደረገ።

«አንተ ጋ ይቀመጥ ጋሼ። እኛ ቤት ከገባ ይነዳል።»

እያንዳንዱን ገጽ በስልኬ ፎቶ አነሣሁት። ደብተሩንም ይዤው መጣሁ። አሁን ይኼን ስጽፍ ጠረጴዛዬ ላይ ነው፤ ከእነዚያ ሁለት ገጾች ጋር።

ወዳጆቼ፣ አንድ ነገር ልለምናችሁ። ዛሬ ማታ አንድ ወረቀት አውጡና የልጅነት ቡድናችሁን አሰላለፍ ጻፉ። ኳስ ካልተጫወታችሁ የመዝሙር ጓደኞቻችሁን፣ የክፍላችሁን ልጆች ጻፉ። ስም ከነአባት፤ የአባት ከሌለ ከነእናት። የምትጠፋባችሁን ስም ለማግኘት ለሁለት ለሦስት ሰው መደወላችሁ አይቀርም፤ እሱም ራሱ አንድ ነገር ነው። የሞተውን አትዝለሉት። በሌላ ወገን ሆኖ የተጣላችሁትንም አትዝለሉት፤ ያኔ የእናንተ አማካይ ነበር።

አንተም ወንድሜ፣ በ1999 ክረምት ሰባታሚት ሜዳ ላይ ከብት እየጠበቅህ በባዶ እግርህ ግራ ተከላካይ የነበርከው፣ ድንገት ይኼን ካነበብክ ስምህን ጻፍልኝ። በጉን ስንካፈል ያንተን ድርሻ ጌቶችህ ቤት እንደላክነው አስታውሳለሁ። ደርሶህ እንደሆነ እሱንም ንገረኝ።

ቸር ይግጠመን።